አካውንቱን የማልከፍትልህ ለምን እንደሆነ

ወንድም ዓለም፣ እንዴት ከረምክ? እማማስ ጉልበታቸው ተሻላቸው? ጠፋህ ብዬ አልወቅስህም፣ የጠፋነው ሁለታችንም ነን። አንተን ኑሮ፣ እኔን የሌሊት ፈረቃ ውጦን ስንት ጊዜ አለፈ። መልእክትህ ሲገባ እንዴት ደስ እንዳለኝ! ከዚያ የላክኸውን ፎቶ ከፈትኩት።

የኦንላይን ቁማር ቤት ማስታወቂያ ነው፣ «100 ፓውንድ አስገባ፣ 100 እንጨምርልሃለን» ይላል። አንተ ደግሞ «ለንደን ስላለህ አካውንቱን በስምህ ክፈትልኝና ቦነሱን እንካፈላለን» ትላለህ። ሳላንዛዛ ልመልስልህ፦ አልከፍትልህም። አንተን ሳላምንህ ቀርቼ እንዳይመስልህ። ዝርዝሩን የምጽፍልህ እኔ እምቢ ስልህ ወደ ሌላ ሰው እንዳትሄድ ነው።

ከፎቶው ግርጌ ያለችውን ደቃቅ ጽሑፍ አጉልቼ አነበብኳት። ቦነሱን 40 ጊዜ ተጫወትበት ትላለች። ማለትም ገንዘቡን ማውጣት ከመቻልህ በፊት በድምሩ የ4,000 ፓውንድ ውርርድ ማስያዝ አለብህ። 4,000 በእጅህ ይኑር ማለት አይደለም፣ ያችኑ 200 ደጋግመህ እያስያዝክ ነው። ስሎት የሚሉት የማሽከርከሪያ ጨዋታ ደግሞ ከተያዘበት ገንዘብ በአማካይ 96 በመቶ አካባቢ ይመልሳል፣ ቀሪው 4 በመቶ የቁማር ቤቱ ነው። የ4,000 4 በመቶ ስንት ነው? 160። 100 ሰጥተውህ 160 ይወስዳሉ፣ 60ው ከራስህ ኪስ የወጣ ነው። ዕድል ቀንቶት የሚያተርፍ ሰው አለ፣ አልክድም። ብዙው ግን 4,000 ሳይሞላ ብሩ ያልቅበታል።

ብላክጃክ የሚሉትን የካርታ ጨዋታ እጫወታለሁ እንዳትለኝ። እዚያ የቤቱ ድርሻ ያነሰ ስለሆነ ብዙ ቤቶች ካስያዝከው 10 በመቶውን ብቻ ይቆጥሩልሃል፣ ጭራሽ የማይቆጥሩም አሉ። ሌላም አለ፦ ቦነሱ ላይ ሳለህ በአንድ ጊዜ ከ5 ፓውንድ በላይ ካስያዝክ ያሸነፍከውን በሙሉ ይሰርዙብሃል። አንተ በላክኸው ፎቶ ላይም ይቺው ነገር ተጽፋለች፣ ሦስተኛው መስመር ላይ ተመልከታት።

ያ 40 የሚለው ቁጥር ሌላም ነገር ነግሮኛል። እዚህ አገር የቁማር ኮሚሽኑ ከጃንዋሪ 19፣ 2026 ጀምሮ ቦነስን ከ10 ጊዜ በላይ ማስጫወት ከልክሏል። ስለዚህ 40 ብሎ የሚጽፍ ቤት የእንግሊዝ ሕግ አይመለከተኝም እያለ ነው። ገንዘብህን ቢይዝብህ እዚህ አቤት የምትልበት ቦታ የለም።

ከሁሉ የሚያናድደኝ ግን እንዲህ ያሉ ፈቃድ የሌላቸው ቤቶች ሰውን የሚይዙበት መንገድ ነው። ገንዘብ ስታስገባ ማን ነህ፣ ከየት አመጣኸው የሚልህ የለም፣ በሰከንድ ይገባል። ስታሸንፍ ፓስፖርት፣ የመብራት ቢል፣ የካርድህ ፎቶ፣ የባንክ ስቴትመንት ይጠየቃል። ማንነት ማጣራት ራሱ ተገቢ ነው፣ ገንዘብ አጣቢም ሕፃንም እንዳይገባ ያስፈልጋል። ታዲያ ስከስር ለምን አልተጣራሁም?

አብሮኝ የሚሠራ አንድ የኛው ልጅ አለ። አንድ ሌሊት በእረፍት ሰዓት 1,800 ፓውንድ አሸነፈ። ወዲያው ላውጣ አለ። ፎቶው ደብዝዟል ብለው መለሱበት፣ ደግሞ ላከ። አድራሻህ አልተነበበም አሉት፣ እሱንም ላከ። በዚህ መሀል ስልኩ ጢን ይላል፣ ነፃ ማሽከርከሪያ ሰጥተንሃል የሚል መልእክት ነው። ማውጫው ገጽ ላይ ደግሞ «ሰርዝና ተጫወት» የምትል ቁልፍ ነበረች። አጠገቡ ሆኜ አይቻታለሁ፣ ከሌሎቹ ቁልፎች ሁሉ ትልቋ እሷ ነበረች። ተጫናት። ለሊቱ ሳይነጋ 1,800ው የለም። ፈቃድ ያላቸው ቤቶች ያቺን ቁልፍ እንዳይጠቀሙ በ2021 ታግደዋል፣ ፈቃድ የሌላቸውን ግን ማን ያግዳቸዋል?

ልጁ ለሳምንት ዝም ሲል ደግሞ ደወሉለት። በስሙ እየጠሩ፣ በትህትና፣ ቪአይፒ ደንበኛችን ነህ፣ 50 ፓውንድ ስጦታ አስቀምጠንልሃል እያሉ። አባቱ ሲሞት ማንም ያልደወለለት ሰው ነው፣ እውነት መሰለው። ይህን ሳስበው አሁንም ያንገበግበኛል።

ትልልቆቹም ቢሆኑ ንጹሕ አይደሉም። ዊሊያም ሂል የሚባለው አንጋፋ ድርጅት እህት ኩባንያዎቹን ጨምሮ በ2023 19.2 ሚሊዮን ፓውንድ እንዲከፍል ተደርጓል። ከጥፋቶቹ አንዱ ምን መሰለህ፣ አዲስ አካውንት የከፈተ አንድ ደንበኛ በ20 ደቂቃ 23,000 ፓውንድ ሲያጠፋ ምንም ማጣራት አለማድረግ ነው። ቁጥጥር ባለበት አገር ይህ ከሆነ፣ ቁጥጥር የሌለበትን አስበው።

ልጁ አሁን ጋምስቶፕ የሚሉት፣ ሰው ራሱን ከቁማር የሚያግድበት መዝገብ ላይ ተመዝግቧል። ስድስት ወር፣ አንድ ዓመት ወይም አምስት ዓመት ብለህ ትመርጣለህ፣ ከዚያ እዚህ ፈቃድ ያላቸው የኦንላይን ቁማር ቤቶች ሁሉ በራቸውን ይዘጉብሃል። እኛ ጋምስቶፕ ውስጥ የለንም እያሉ እንደሱ ያለውን ሰው ለይተው የሚያስታውቁ ቤቶች አሉ። ለመዳን የሚታገልን ሰው አድብቶ መጠበቅ ይባላል ይሄ፣ ሌላ ስም የለውም።

አካውንት በሰው ስም መክፈት ደግሞ ራሱን የቻለ ጣጣ ነው። እኔ ከፍቼው አንተ ከአዲስ አበባ ብትጫወትበት ውላቸውን ጥሰናል፣ ብንከስር ዝም ይላሉ፣ ብናሸንፍ ገንዘቡን ይወርሱታል፣ መብታቸው ነው።

ልትከፍተው ላሰብከው ሱቅ መነሻ የጎደለህን በግልጽ ንገረኝ። ስንት ነው? እኔ ያለችኝን ላካፍልህ እችላለሁ፣ የቀረውን ዕቁብህ ሲደርስህ ትሞላዋለህ፣ ወይም ከአከራዩ ጋር ተነጋግረህ ኪራዩን በየወሩ አድርገው። እሁድ ከቅዳሴ መልስ እደውልልሃለሁ። እስከዚያ መተግበሪያውን አጥፋው፣ የፓስፖርትህን ፎቶም እንዳትልክላቸው። ልከህ ከሆነም ዛሬውኑ ጻፍልኝ።