ከሣሩ ጋር የገባው

ለውድ ወንድሜ፤

እንደምን ከርመሃል? የመጨረሻ ደብዳቤህን ሳልመልስ አራት ክረምት አለፈ፤ ሰበብ አልደረድርም። አሁን ብዕር ያስነሣኝ ከደብረ ብርሃን የተዳቀሉ ጊደሮች ገዝተህ ወደ ባሕር ዳር ልታወርድ መሆኑን ከእኅትህ መስማቴ ነው።

እንገር ስትጠባ አብረን ያየናትን ቡሬን ታስታውሳታለህ። ቢሾፍቱ ካለው በረታችን ሳትወጣ፣ ፉርሽካና ፋጉሎ እየበላች፣ መዥገር ሳይነካት አድጋ በቀን 14 ሊትር ትታለብ ነበር፤ እኔም በንጽሕናዋ እኮራ ነበር። ባለፈው መስከረም ድርቆሽ ቢያልቅብኝ ከወንዝ ዳር የታጨደ እርጥብ ሣር ገዛሁ። ሦስት ሳምንት ገደማ ቆይቶ፣ አንድ ማለዳ ላልባት ስገባ ሽንቷ ወለሉ ላይ የቡና አተላ መስሎ ፈስሷል፤ ግቷ ሟሽሿል፣ ጆሮዋ ይፋጃል፣ ድዷ ነጥቷል። ፋጉሎው ሆዷን ነፍቷት ይሆናል ብዬ ሁለት ቀን ያባከንሁት እኔው ነኝ። ሐኪሙ ከጆሮዋ ደም ወስዶ በማይክሮስኮፕ ሲያይ፣ በቀይ የደም ሕዋሶቿ ውስጥ ጥንድ ጥንድ ሆነው የተቀመጡ፣ የእንባ ጠብታ የመሰሉ ተውሳኮች አገኘ፤ ባቤሲያ ነበር። ለጋንዲ (ለቆላ ዝንቡ የከብት በሽታ) የምናውቀውን ዲሚናዚን የተባለ መድኃኒት ወጋት፤ ነፍሷ ተረፈ፣ የአምስት ወር ጽንሷ ግን ወጣ።

ባቤሲያን የሚያስተላልፈው መዥገር ነው። ሰማያዊው መዥገር ደም ጠግባ ስትወድቅ ከ2,000 በላይ እንቁላል ትጥላለች፤ ተውሳኩም ከእናቲቱ ወደ እንቁላሉ ስለሚተላለፍ፣ ከሣሩ ጋር የገባው ከጤፍ ፍሬ የማይበልጥ እጭ በሽታውን ይዞት ነው የመጣው።

ያንገበገበኝ ግን የጎረቤቴ የሐበሻ ላሞች ናቸው። ያንኑ የወንዝ ዳር መስክ ሲግጡ ይውላሉ፣ መዥገር ጭናቸው ላይ ተደርድሯል፣ አንዳች አልሆኑም። እንገር የጠጣ ጥጃ ዘጠኝ ወር ሳይሞላው ከተውሳኩ ጋር ከተዋወቀ በሽታውን በቀላሉ ይወጣዋል፤ በደሙም ውስጥ መከላከያ ይቀርለታል። ስለዚህ የደም ምርመራ ለተውሳኩ ተጋልጣለች ያላት ላም ታማለች ማለት አይደለም፤ እንዲያውም ከእኔዋ ቡሬ የተሻለ ዋስትና አላት። (መዥገርን ዝም እንበለው ማለቴ አይደለም፤ ባለቀለሙ መዥገር ነክሶ ያደረቀውን ጡት ከዚያው ጎረቤት ላም ላይ አይቻለሁ።)

ብርድ አገር ያደጉት ጊደሮችህ መዥገርን እምብዛም ስለማያውቁ ለእኔ ሁሉም ቡሬዎች ናቸው። ከመጫናቸው በፊት ደማቸውን አስመርምር፤ ከደረሱም በኋላ ለሁለት ወር ያህል ሙቀታቸውን በየማለዳው ለካ፣ ሽንታቸውንም ተመልከት። የጉዞውን ቀን ጻፍልኝ፤ ቡሬን ያከማት ሐኪም እዚያ ከሚሠራ ባልደረባው ጋር ሊያገናኝህ ቃል ገብቶልኛል።

ወንድምህ