ሳማ እዚህም ተበልቶ ነበር

ይድረስ ለወንድም ዓለሜ፣

ለጤናህ እንደምን ከርመሃል? እማማስ እንዴት ናቸው? አራት ዓመት ሙሉ ድምፄን ማጥፋቴ ከስንፍና በቀር ምክንያት የለውምና ሰበብ አልደረድርልህም።

ብዕር ያስነሣኝ ሳማ ነው። ባለፈው ሳምንት ከምኖርበት ከአየርላንዷ ከተማ ከኮርክ ወደ ስኪበሪን ወርጄ ነበር። ከከተማዋ ዳር ከ8,000 እስከ 10,000 የሚገመት ሰው ያለ ሣጥን በጅምላ የተቀበረበት ሥፍራ አለ፤ አሁን ሣር ብቻ ነው። እ.ኤ.አ. በ1845 የአየርላንድን ድንች በሽታ መታው፤ እስከ 1852 ድረስ አንድ ሚሊዮን ያህል ሕዝብ አለቀ፤ ከዚያ የሚበልጥ ተሰደደ። እህሉ ግን በመርከብ ወደ እንግሊዝ መጫኑን አላቆመም። ይህ በየመጽሐፉ አለ።

እኔን የያዘኝ በሰው አፍ የቀረው ነው። እ.ኤ.አ. በ1945 የአገሩ ፎክሎር (የቃል ትውፊት) ኮሚሽን ከዘመኑ ሰዎች የተወለዱትንና የሰሙትን ሽማግሌዎች እያስጠየቀ ቃላቸውን አስመዝግቧል። ዘመኑን በቋንቋቸው የሚጠሩት፣ እንደ እኛ «ክፉ ቀን» ሁሉ፣ «ክፉ ዘመን» ብለው ነው። ማታ ጭጋግ ወረደ፣ ጠዋት ማሳው ሸተተ ይላሉ። ሳማ ቀቀሉ፤ የላም ደም ሥር በጥተው ደሙን ከአጃ ዱቄት ጋር አበሰሉ። ታቹ የሚከፈት የሬሳ ሣጥን ነበረ፤ ሟቹን ጉድጓድ ውስጥ ጥሎ ለሚቀጥለው ይመለሳል። የመጨረሻ ዱቄቷን ለለማኝ ሰጥታ ስትመለስ ዕቃዋን ሞልቶ ያገኘች ሴትም አለች። አላምነውም፤ ግን ይህን ተረት የፈጠረውን ሰው እወደዋለሁ። ለሾርባ ብሎ ሃይማኖቱን የለወጠን ቤተሰብ ግን ከነልጅ ልጁ አልማሩትም።

ከሁሉ የገረመኝ አንዱ መልስ ነው። ብዙዎቹ «በእኛ መንደር እንኳ ያን ያህል አልከፋም፤ የከፋው ማዶ ነው» ብለዋል። ማዶ ያለውም ወዲህ ይጠቁማል።

ሳቅሁ፤ ወዲያው እማማ ትዝ አሉኝ። ልጆች ሳለን ስለ 77ቱ ረሃብ ስንጠይቃቸው «እኛ ጋ አልደረሰም፣ ከወንዙ ማዶ ነው» ይሉን አልነበር? እንዲያ እያሉም አጥር ሥር ያለውን ሳማ ሳይለበልባቸው በባዶ እጃቸው ይቀነጥሱት ነበር። የትኛውን ቅጠል፣ ከየት በኩል እንደሚይዙት ያውቁ ነበር።

ማን እንዳስተማራቸው ጠይቅልኝ። ካልፈለጉ ግን አታስጨንቃቸው፤ እጃቸውን ሳምልኝ ብቻ።

የአንተው