ቀይዋ መብራት «ኔትወርክ የለም» ስትል አትመኗት

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል

ጤና ይስጥልኝ። ስለ «ስማርት» ዕቃዎች በሚጻፉ ጽሑፎች ውስጥ አንዲት ዐረፍተ ነገር ደጋግማ ትገጥመኛለች። «ሲም ካርድ ማስገባት ብቻ ነው፣ ከዚያ በኋላ ራሱ ይገናኛል» ትላለች። እኔ ሥራዬ ሞደም (ዕቃን ከሞባይል ኔትወርክ ጋር የሚያገናኝ ክፍል) ያለባቸውን ሳጥኖች መትከልና ሲበላሹ መጠገን ነው፤ የታንከር ውሃ የሚለኩ፣ የቀዝቃዛ መጋዘን ሙቀት የሚከታተሉ፣ መኪና የት እንዳለ የሚናገሩ። እውነት ለመናገር ብዙ ጊዜ ራሳቸው ይገናኛሉ። ጣጣው ያልተገናኙ ቀን ነው። ያን ቀን ስልኬ ይጠራል፣ «ኔትወርክ የለም ይላል» ይሉኛል፣ እኔ እስክደርስ ድረስ የቴሌኮም ኦፕሬተሩ ሲረገም ይውላል።

ኦፕሬተሮችን ለመከላከል አይደለም የምጽፈው፤ ለራሳቸው አፍ አላቸው። ግን «ኔትወርክ የለም» የሚባለው ነገር ብዙ በሽታ በአንድ ስም የሚጠራበት ሆኗል፣ እና ይሄ ሰውን በከንቱ ያደክማል።

በቅርቡ የገጠመኝን ልንገራችሁ። ታንከር ላይ የተሰቀለ የውሃ መለኪያ ነው። ወራት ሙሉ በየሰዓቱ ሲልክ ቆይቶ ድንገት ዝም አለ። ሳጥኑ ላይ ያለችው አንዲት መብራት ብቻ ናት፤ አረንጓዴ ከሆነች ደህና፣ ቀይ ከሆነች «ኔትወርክ የለም»። ቀይ ሆናለች። እዚያው መሰላሉ ላይ ቆሜ ስልኬን አየሁት፣ ሲግናሉ ሙሉ ነው። ባለቤቱ ከታች ሆኖ «ሲሙ ተቃጥሎ ነው፣ ቀይረው» አለኝ። ቀየርኩ። ቀይ። ሌላ ሞከርኩ። አሁንም ቀይ።

ከዚያ በኋላ ነው ማድረግ የነበረብኝን ያደረግኩት። ላፕቶፔን በገመድ ከሞደሙ ጋር አገናኝቼ ራሱን ጠየቅኩት። ሞደም ይጠየቃል! ይሄን የማያውቅ ሰው ብዛቱ ሁልጊዜ ይገርመኛል። ሄይስ የተባለው ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1981 ለስልክ መስመር ሞደም ያወጣው፣ «ኤቲ» በሚሉ ሁለት ፊደላት የሚጀምር የትእዛዝ ቋንቋ አለ፤ ያው ቋንቋ እየሰፋ መጥቶ ዛሬም በእነዚህ ትንንሽ ሞደሞች ውስጥ ይሠራል። ሲሙን አንብበኸዋል? አልኩት። አንብቤዋለሁ፣ ዝግጁ ነው። ሲግናል ስንት ታያለህ? 21። ይሄ ቁጥር ከ0 እስከ 31 ይሄዳል፣ 99 ካለ ደግሞ «አላውቅም» ማለቱ ነው፤ 21 በጣም ጥሩ ነው። እሺ፣ ኔትወርኩ ላይ ተመዝግበሃል? 2 አለኝ፤ ማለትም ገና እየፈለግኩ ነው። ሁለት ሰከንድ ሳይሞላ ደግሞ ገና አሁን እንደተነሳ ሰው የመክፈቻ መልእክቱን ጻፈልኝ። ጠበቅኩ። ፍለጋ፣ ከዚያ እንደገና መነሳት። ፍለጋ፣ እንደገና መነሳት።

እየጠፋ እየበራ ነበር ለካ። ታወሩን ሊጣራ ሲል ይወድቃል።

ቴስተር ስሰካበት 3.9 ቮልት ያሳያል፣ ምንም ነቅነቅ አይልም። ቴስተር ግን ቀርፋፋ ነው። በ2ጂ የሚሠራ ሞደም ሲያስተላልፍ በየ4.6 ሚሊሰከንዱ አንዴ፣ ግማሽ ሚሊሰከንድ ለሚያህል ጊዜ ብቻ ይጮኻል፣ በዚያች ቅጽበት እስከ 2 አምፒር ይስባል። መጀመሪያ ሲጣራ ደግሞ ታወሩ ምን ያህል እንደሚቀርበው ስለማያውቅ በሙሉ ድምፁ ነው የሚጣራው። ኦሲሎስኮፕ (ፈጣን የቮልት ለውጥን በስክሪን የሚያሳይ መሣሪያ) ሳገናኝ ነገሩ ፍጥጥ ብሎ ታየ፤ በተጣራ ቁጥር ቮልቱ ከ3 በታች ዘጭ ይላል። የዚህ ዓይነት ሞደሞች አብዛኞቹ ከ3.4 በታች ሲወርድባቸው አይችሉም። ምንጩን ፍለጋ ሽቦውን እየተከተልኩ ስሄድ የባትሪው ገመድ የሚታሰርባት ብሎን ሥር አረንጓዴ ዝገት አገኘሁ። የጥፍር ጫፍ አይሞላም። ለኤሌክትሪኩ የምትፈጥረው እንቅፋት ግማሽ ኦም ቢሆን ነው፤ ግን ግማሽ ኦም በ2 አምፒር ሲባዛ 1 ቮልት ነው፣ እሱ ነው የጠፋው። ብሎኑን ጠርጌ አጠበቅኩ፣ ሞደሙ ጎን 1000 ማይክሮፋራድ ካፓሲተር (ለአፍታ ኃይል የሚያጠራቅም ዕቃ) በየድኩ (ድሮም ከፋብሪካ ሲወጣ ሊኖረው ይገባ ነበር)፣ አረንጓዴ በራ።

አሁን እዩት እንግዲህ። ኔትወርክ ነበረ፣ ሲም ነበረ፣ ሲግናል ነበረ። መብራቷ ዋሸች።

ሌላው ቀን የሚያጋጥመኝ ደግሞ የምዝገባው መልስ 3 ሲሆን ነው። 3 ማለት ተከልክለሃል ማለት ነው። ታወሩ ሰምቶሃል፣ ማን መሆንህን አይቷል፣ አልፈልግህም ብሎሃል። አገልግሎቱ ተቋርጦ ይሆናል፣ የሞደሙ አይኤምኢአይ (መለያ ቁጥሩ) ተከልክሎ ይሆናል፣ ሲሙ በሮሚንግ (በሌላ ኦፕሬተር ኔትወርክ ላይ) እንዲሠራ አልተፈቀደለት ይሆናል። ይሄን ሳያውቁ ጣሪያ ላይ ወጥተው ትልቅ አንቴና የተከሉ ሰዎች አይቻለሁ፤ በር ላይ «አትግባ» ለተባለ ሰው ማይክሮፎን እንደማቀበል ነው። ይባስ ብሎ ሲም ካርዱ እምቢ ያሉትን ኔትወርኮች ዝርዝር ውስጡ ይይዛል፣ ኃይል ቢጠፋም አይረሳም። ስለዚህ ቢሮው «አስተካክለናል» ካለ በኋላም ሞደሙ ያንን ኔትወርክ እንደ ደመኛ ሲሸሸው ሊኖር ይችላል። መድኃኒቱ በትእዛዝ ኔትወርኩን በስም መርጦ እንዲመዘገብ ማድረግ ነው፤ አንዴ ከተቀበለው ከዝርዝሩ ይወጣል።

«ታዲያ ስልኬ ላይ ሲሙ ለምን ይሠራል?» የሚለውን ጥያቄ ስንቴ እንደተጠየቅኩ አትጠይቁኝ። ስልክ የየኦፕሬተሩን ኤፒኤን አብሮት ከመጣ ዝርዝር ያነባል፣ ስለዚህ እናንተ ሳታውቁት ሞልቶላችኋል። ኤፒኤን ዳታው በየትኛው በር እንደሚወጣ የሚነግር ስም ነው። ትንሿ ሞደም ብዙ ጊዜ ያ ዝርዝር የላትም፤ የሰጣችኋትን ፊደል በፊደል ታስገባለች፣ አንድ ፊደል ከሳታችሁ ወይ ተመዝግባ ዳታ አጥታ ትቀመጣለች፣ ወይ በ4ጂ ላይ ከሆነች ምዝገባውም ራሱ ሊከሽፍ ይችላል። የሚበራው ግን ያው ቀይ ነው።

የስልክ ሲግናል ምስክር የማይሆንበት ሌላም ምክንያት አለ። ሞደሙ ኤንቢ አይኦቲ በሚባለው የኔትወርክ ዓይነት ብቻ የሚሠራ ከሆነ፣ ኦፕሬተሩ ያንን ካልከፈተው በስተቀር ስልካችሁ ላይ ያለው 4ጂ አይጠቅመውም። እነ ኤንቢ አይኦቲ ደረጃቸው እ.ኤ.አ. በ2016 ሲወጣ ለእንዲህ ዓይነት ትንንሽ ዕቃዎች ታስቦ ነው፤ የሚይዘው የሬዲዮ መስመር ስፋት 200 ኪሎኸርዝ ብቻ ነው፣ ከተራው 4ጂ ጋር አንድ ታወር ላይ ቢቀመጥም ለብቻው መከፈት ይፈልጋል። የተገላቢጦሹም አለ። አውስትራሊያ ውስጥ ኦፕሬተሮቹ እ.ኤ.አ. በ2024 3ጂን ዘግተው ሲጨርሱ በ3ጂ ብቻ የሚናገር ሞደም የሚያዳምጠው አጣ።

ሁሉም ተሳክቶ፣ ተመዝግቦ፣ ዳታ ከፍቶ፣ አድራሻ ካገኘ በኋላም «ከውጭ ልገባበት ስል እምቢ አለኝ» የሚል አይጠፋም። ብዙ ጊዜ የሚሰጠው አድራሻ የኦፕሬተሩ የውስጥ አድራሻ ነው፣ በ10 ወይም በ100 ሲጀምር ጠርጥሩ። መደወል ያለበት ዕቃው ነው እንጂ እናንተ አይደላችሁም። እዚህ ላይ ብዙ አልቆይም።

የምጽፍላችሁ ግን ለአንድ ነገር ነው። ሞደሙ ይሄን ሁሉ ያውቃል። የቱ ደረጃ ላይ እንደቆመ በቁጥር ይናገራል። አምራቾቹ ናቸው ያን ሁሉ ወሬ በአንዲት ቀይ መብራት የሚያፍኑት። ተጨማሪ መብራት አልጠየቅንም፤ ያቺው መብራት ሲም ከሌለ አንዴ፣ ሲግናል ከሌለ ሁለቴ፣ ከተከለከለ ሦስቴ፣ ተመዝግቦ ዳታ ካጣ አራቴ ብልጭ ትበል። ጥቂት መስመር ኮድ ነው። የመጨረሻውን የምዝገባ መልስና ስንት ጊዜ እንደጠፋ መዝግቦ ይያዝና፣ ሲገናኝ ይላከው። ገዢዎችም ከመክፈላችሁ በፊት ሻጩን «ያልተገናኘ ቀን ምን ያሳየኛል?» በሉት። አፉ ከተያዘ መልሱን አግኝታችኋል።

እናንተም በሚቀጥለው ጽሑፋችሁ «ሲም ካርድ ማስገባት ብቻ ነው» የምትለዋን ብትተዉልን ደስ ይለኛል። ከታንከሩ ያወጣኋቸው ሁለት ሲሞች እስካሁን ኪሴ ውስጥ ናቸው። ሁለቱም ይሠራሉ።

አክባሪያችሁ፣
አንድ የሞደም ጠጋኝ