ክላርክ የተባለ ሁሉ ዘመድ አይደለም

ሰላም ነሽ የኔ እህት?

ተጠፋፋን እኮ! እህትሽን ቦሌ አግኝቻት ሴት ልጅ መገላገልሽን ነገረችኝ። እንኳን ማርያም ማረችሽ! ደብሊን ላይ ልጅቷን ስታስመዘግቡ በቤተሰብ ስም ቦታ የአባቷን ስም እናስገባ ወይስ የአያቷን እያላችሁ ተጨንቃችኋል አሉ። እኔ ደግሞ ሰሞኑን ስለ እናንተ ጎረቤቶች ስም ሳነብ ነው የከረምኩት። ስለዚህ ዝም ማለት አልቻልኩም።

ለምሳሌ ክላርክ የሚለውን ስም እዪው። እዚያ በየመንገዱ ትሰሚዋለሽ። እንግሊዝ አገር ስሙ የመጣው ከላቲኑ ክሌሪኩስ ነው፣ የቤተ ክህነት ሰው ለማለት። በዚያ ዘመን ማንበብና መጻፍ የሚችለው በአብዛኛው እሱ ስለነበረ፣ እየቆየ ቀለም የቆጠረ ሁሉ፣ መዝገብ ያዡም ጸሐፊውም፣ በዚሁ ስም ተጠራ። ዝቅ ያለ ማዕረግ ያላቸው አገልጋዮች ማግባት ይችሉ ነበርና ስሙ ለልጆቻቸው ተረፈ። ጸሐፊ የሌለበት ከተማ የለም፤ ስለዚህ በየቦታው የማይዛመዱ ክላርኮች በቀሉ።

የአየርላንዱ ግን ሌላ ነው፣ ልቤን የወሰደውም እሱ ነው። እዚያ ስሙ ኦ ክሌሪ ነበር። "ኦ" ማለት የልጅ ልጅ፣ የእገሌ ዘር ማለት ነው። እነዚህ ሰዎች በምዕራብ አየርላንድ፣ በደቡብ ጎልዌይ ባላባቶች ነበሩ። የአገሩ ዜና መዋዕል ከእነሱ አንዱ በፈረንጆች አቆጣጠር በ916 መሞቱን ከነቤተሰብ ስሙ ጽፎታል፤ በአውሮፓ እንዲህ ቀድሞ የተመዘገበ የቤተሰብ ስም ጥቂት ነው። በ13ኛው ክፍለ ዘመን ግን ኖርማኖች ሲገፏቸው ተበተኑ። ወደ ሰሜን፣ ዶኒጎል የገቡት የኦዶኔል ባላባቶች ታሪክ ጸሐፊ ሆኑ፣ ሥራውም ከአባት ወደ ልጅ ይወርድ ጀመር። ከእነሱ ዘር የሆነው ሚሆል ኦ ክሌሪ፣ ዛሬ ቤልጅየም ባለችው ሉቨን ገዳም የነበረ የፍራንሲስካን ማኅበር ሰው፣ በ1626 ተልኮ ወደ አገሩ ተመለሰ። የቀድሞ ባላባቶች ወድቀው መሬቱ በእንግሊዞች እየተያዘ፣ ብራናው ሁሉ ሊጠፋ ነው በተባለበት ሰዓት እየዞረ ገለበጠ። ከዚያ ከሦስት ሰዎች ጋር ሆኖ ከ1632 እስከ 1636 ከኖኅ ዘመን የሚጀምርና 1616 ላይ የሚቆም ትልቅ ዜና መዋዕል አዘጋጀ። ያን ሳነብ የኛዎቹ ታሪከ ነገሥት ጸሐፊዎች ትዝ አሉኝና በጣም ተነካሁ።

ታዲያ ኦ ክሌሪ እንዴት ክላርክ ሆነ? እንግሊዞች ገና በ1465 ሕግ አውጥተው በደብሊን ዙሪያ በያዙት መሬት የሚኖር አይሪሽ ሁሉ የእንግሊዝ ስም እንዲይዝ አዘዙ። የከተማ ስም፣ የቀለም ስም ወይም የሙያ ስም መሆን ነበረበት። ሕጉ በሁሉም ቦታ አልሠራም። ግን የእንግሊዝ አገዛዝ እየጠነከረ ሲሄድ ሰው ለኑሮው ሲል ስሙን ቀየረ፣ "ኦ" የምትለዋንም ጣላት። ካቫን አካባቢ ያሉት ክሌሪዎች ክላርክ ሆኑ፣ ደቡብ ያሉት ደግሞ ክሊሪ ብለው ቀሩ። አንድ ዘር በሁለት ስም!

ስለዚህ ስሙን አይተሽ ማን ከየት እንደሆነ መናገር አትችዪም። የ1916ቱን የአየርላንድ ነጻነት አዋጅ ከፈረሙት የመጀመሪያው ቶም ክላርክ እንግሊዝ አገር ነው የተወለደው፤ አባቱ የአየርላንዷ ሊትሪም ሰው ሆኖ በእንግሊዝ ጦር ውስጥ ያገለግል ነበር። የባለቀለም መስታወት ሠዓሊው ሃሪ ክላርክ ደግሞ ደብሊን ተወልዶ የአየርላንድ ኩራት ሆነ፣ አባቱ ግን ከሊድስ የመጣ እንግሊዛዊ ነው።

አሁን ወደ ልጅሽ ልምጣ። እኔን ከጠየቅሽኝ የአባቷን ስም ስጧት፣ እንደ አገራችን። ከአባቷ ፓስፖርት ጋር አልመሳሰል አለ ብለሽ አትጨነቂ። እዚያው አገር በአይሪሽ ሲጻፍ እኮ አባትየው ኦ ክሌሪ፣ እናቲቱ ኢ ኽሌሪ፣ ልጅቷ ኒ ኽሌሪ ናቸው፣ አንድ ቤት እየኖሩ! "ኢ" የባሏን ስም የያዘች ሚስት ናት፤ "ኒ" ደግሞ የእገሌ ልጅ የምትል ናት፣ ሴቷ የአባቷን ስም ካልለወጠች ብታገባም አብራት ትኖራለች፣ ከኛ አጠራር ብዙም አትርቅም። መዝጋቢው ከጠየቀሽ ይህንን ንገሪው፣ ይገባዋል።

ግራፍተን መንገድ ላይ ያለው ቢውሊስ ካፌ የሃሪ ክላርክ መስታወቶች አሉት። ሕፃኗን ይዘሽ ስትወጪ ግቢና ፎቶ አንስተሽ ላኪልኝ። የሷንም ላኪ፣ እህትሽ አንድ ብቻ ነው ያሳየችኝ። ለባለቤትሽ ሰላም በይልኝ።