እማዬ፣ የዘንድሮን የፋሲካ ዶሮ እኔ እሠራለሁ

ጥር 14 ቀን 2018 ዓ.ም.
ሴንት ፖል፣ ሚኒሶታ

ለምወድሽ እናቴ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ለጤናሽ እንደምን አለሽ? ጉልበትሽስ እንዴት ነው? ጥምቀትን በሰላም ዋልሽ ወይ? እኔ፣ ባለቤቴና ልጃችን እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። ብርዱ ብቻ ነው። ዛሬ ጠዋት መኪናዬን ከበረዶ ውስጥ በአካፋ ነው ያወጣኋት።

ስልክ እያለ ለምን ደብዳቤ እንደጻፍኩ ይገርምሽ ይሆናል። በስልክ ቁም ነገር ስጀምርልሽ «ይሁን ይሁን፣ ካርድህን አትጨርስ» ብለሽ ትዘጊዋለሽ። ይሄኛውን ግን እስከ መጨረሻው እንድትሰሚኝ ፈለግኩ። እህቴ አትማ ትሰጥሻለች። መነጽርሽን አድርጊ፣ ቡናሽን ያዢና ቀስ ብለሽ አንብቢው።

የገና ዕለት ስደውል ድምፅሽ ልክ አልነበረም። «ምን በላችሁ?» ስልሽ ዝም አልሽ። ቆይተሽ «ዘንድሮ ዶሮ አልሠራሁም ልጄ፣ እጄ እምቢ አለኝ» አልሽኝ። ሰው የበደለ ሰው በሚናገርበት ድምፅ ነው የተናገርሽው። እህቴ በኋላ ሁሉንም ነገረችኝ። ለዋዜማው ሽንኩርቱን ጥደሽ በርጩማው ላይ ቁጭ እንዳልሽ እንቅልፍ ሸለብ አደረገሽ። የነቃሽው ቤቱ በጭስ ሲሞላ ነው። ያረረውን ድስት በረንዳ ላይ አውጥተሽ አጠገቡ ተቀምጠሽ አለቀስሽ። ጠዋት እህቴ ተሠርቶ ከሚሸጥበት ቤት ዶሮ ወጥ ገዝታ መጣች። አንቺ አንድ ጉርሻ ቀምሰሽ ተነሣሽ።

እማዬ፣ ያን ቀን ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ሥራ መሥራት አቃተኝ።

ከ50 ዓመት በላይ ለዚያ ቤት ዶሮ ሠርተሻል። እንቁጣጣሽ፣ ገና፣ ፋሲካ። እነዚህን ሦስቱን ብቻ ብንቆጥር እንኳ ከ150 ዶሮ በላይ ነው። ለክርስትናው፣ ለማኅበሩ፣ ድንገት ለመጣው እንግዳ የሠራሽው አልተቆጠረም። ከዚያ ሁሉ አንድ ጊዜ ሽንኩርት አረረ። በቃ፣ የሆነው ይሄ ነው። ማንንም አልበደልሽም።

አንቺ ዶሮ ስትሠሪ ማየት እወድ ነበር። አክስቴ «ወንድ ልጅ ማጀት ምን ይሠራል?» ብላ ታባርረኝ ነበር። አንቺ ግን አታባርሪኝም። ዝም ብለሽ ሽንኩርትና ቢላዋ ትሰጪኛለሽ። እያነባሁ እልጣለሁ፣ ዓይኔ ግን አንቺ ላይ ነው። ዶሮው በፈላ ውሃ ተነክሮ ከተነጨ በኋላ በነበልባል ትለበልቢዋለሽ። ቀጥለሽ ብልቱን ታወጫለሽ። መገጣጠሚያውን በአውራ ጣትሽ ፈልገሽ ቢላዋውን እዚያችው ላይ ታሳርፊያለሽ። አጥንት ሲሰበር ሰምቼ አላውቅም። 12ቱም ብልት ሳፋው ውስጥ ሲገባ በጣትሽ ትቆጥሪዋለሽ። «እንደ 12ቱ ሐዋርያት» ትይናለሽ። ከዚያ ጨው፣ ሎሚ፣ ውሃ። ደግሞ ሎሚ፣ ደግሞ ውሃ። ውሃው ምንጭ መስሎ ጥርት እስኪል ድረስ አትተይውም።

አባዬ ያረፈ ዓመት የመጣውን ፋሲካ ታስታውሺዋለሽ? 13 ዓመቴ ነበር። ቅዳሜ ከሰዓት ዶሮው ታስሮ ጓሮ ቆሟል። ሌላ ዓመት የሚያርደው አባዬ ነው። ከጎረቤት ወንድ ጠርተሽ ማሳረድ ትችይ ነበር፤ ሁሉም ቤት ወንድ ሲጠፋ እንደዚያ ነው የሚደረገው። አንቺ ግን ቢላዋውን ለእኔ ሰጠሽኝ። «ወደ ምሥራቅ አዙረውና በስመ አብ በል» አልሽኝ። እጄ ተንቀጠቀጠ። ፊትሽን አዙረሽ፣ ክንፉንና እግሩን አንድ ላይ ጭብጥ አድርገሽ ይዘሽልኝ ቆምሽ። ምንም አልተናገርሽም። እስክጨርስ ብቻ ጠበቅሽኝ።

ሌሊት 9 ሰዓት ግድም ከቤተ ክርስቲያን ተመለስን። የእህቴ ግንባር ላይ የታሰረው ቄጤማ ገና አልደረቀም ነበር። 55 ቀን ጾመን መሶቡን ከበብን። ወጡን ስታወጪ ፈረሰኛው ጭልፋው ላይ ወጣ። ፈረሰኛው ሁልጊዜ የአባዬ ነበር። ጭልፋውን እንደያዝሽ ትንሽ ቆየሽ። ከዚያ በእኔ በኩል አስቀመጥሽው። «አልበላም» አልኩሽ። አልተቆጣሽኝም። ፈልፍለሽ ለሦስታችን ለልጆችሽ አጎረስሽን። ለራስሽ አላስቀረሽም።

ከዚያ ወዲህ ፈረሰኛውን ለማን እንደምታወጪ ልብ ብዬ አያለሁ። አንድ ዓመት ለአጎቴ ነበር። አንድ ዓመት ለንስሐ አባታችን። ሥራ የያዝኩ ጊዜ ለእኔ አወጣሽው፣ ያኔ በላሁት። እህቴ ስታገባ ለባሏ ሆነ። ለራስሽ ስታወጪ ግን አንድም ቀን አይቼ አላውቅም።

በ2014 ዓ.ም. የመጣሁ ጊዜ ትንሽ የኩሽና ሚዛን ይዤ ነበር። በስልክ «በርበሬው ስንት ነው?» ስልሽ «ደስ እስኪልህ»፣ «ቅቤውስ?» ስልሽ «ዓይንህ ይነግርሃል» እያልሽ ስላስቸገርሽኝ ነው። አንቺ ስትሠሪ እኔ ከኋላሽ እየመዘንኩ ጻፍኩ። የበርበሬውን ዕቃ ሳትጀምሪ መዘንኩት፣ ስትጨርሺ ደግሜ መዘንኩት። ለአንድ ዶሮ 3 ኪሎ ቀይ ሽንኩርት፣ 260 ግራም በርበሬ፣ 350 ግራም ንጥር ቅቤ። ሰዓትም ያዝኩ። ሽንኩርቱ ብቻውን፣ ያለ ዘይት፣ 1 ሰዓት ከ20 ደቂቃ። በርበሬው ከገባ በኋላ፣ ሙቅ ውሃ ጠብ ጠብ እያደረግሽበት፣ ሌላ 1 ሰዓት ተኩል።

ያንን ወረቀት ይዤ እዚህ ስሠራው ያንቺ አልሆነም። ሁለተኛም ሞከርኩ፣ እምቢ አለ። የዚህ አገር ሽንኩርት ትልልቅ ነው፣ ውሃው ብዙ ነው። ባንቺ ሰዓት ሳወርደው ጥሬነቱ አልለቀቀም። በሦስተኛው ሰዓቱን ተውኩትና እንዳንቺ ዝም ብዬ አዳመጥኩት። የሽንኩርቱ ውሃ ሲያልቅ ድምፁ ይለወጣል፣ ድስቱ ውስጥ ቀጭን የመጥበስ ድምፅ ይጀምራል። ቁሌቱ ሲበስል ደግሞ ድምፁ ይወፍራል፣ ቅቤው ቀይ ሆኖ በድስቱ ዳር ዳር ይወጣል። ዶሮው የሚገባው ያን ጊዜ ነው። ድስቱን ጀርባ ሰጥተሽ ቡና እየቆላሽ «በቃ፣ ደረሰ» ትይ የነበረው ለካ በጆሮሽ ሰምተሽው ነው።

ይህን የነገርኩሽ እንዲያው አይደለም። ዓይንሽ ደክሞ ይሆናል፣ እጅሽም ይንቀጠቀጥ ይሆናል። ጆሮሽና ምላስሽ ግን የትም አልሄዱም። እኛ ቤት ዶሮ ወጥ የሚሠራው በእነሱ ነበር።

እዚህ ያለውን ነገር ደግሞ ልንገርሽ። የጤፉ ዱቄት አይዳሆ በሚባል ግዛት የበቀለ ነው። እንጀራውን የምንጋግርበት ምጣድ ኖርዌጂያኖች ሌፍሳ የሚሉትን ስስ የድንች ቂጣቸውን የሚጋግሩበት ነው፤ ክብ ነው፣ በኤሌክትሪክ ይሠራል። እዚህ ሚኒሶታ የእነሱ ዘር ብዙ ነውና ምጣዱ በቀላሉ ይገኛል። ለእኛም እንደተሠራ ሆኖ ተገኘ። በክረምት ሊጡ አልቦካ ብሎ ስንት ጊዜ አስቸገረን! አሁን ቡሃቃውን በፎጣ ጠቅልለን ማሞቂያው አጠገብ እናሳድረዋለን። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት እንጀራዬ ፊቱ ድፍን ነበር። ፎቶ ስልክልሽ አየት አድርገሽ «አብሲትህ አልበሰለም» አልሽኝ። 12 ሺህ ኪሎ ሜትር ርቀሽ፣ ከስልክ ላይ አይተሽ። እውነትሽን ነበር። አሁን ዓይኑ እንዴት እንደሚያምር ስመጣ ጋግሬ አሳይሻለሁ።

ለገና ድፎ ዳቦ ደፍተን ነበር። ኮባ የለም፣ በረዶ ሆኖ የሚሸጥ የሙዝ ቅጠል ገዝተን አቀለጥነው። ጥቁር አዝሙዱና ድንብላሉ ባለፈው በመንገደኛ የላክሽው ነው። ከዳቦው ሩቡን ቆርሼ ከፎቅ በላይ ለሚኖሩት ሶማሌ እናት ወሰድኩላቸው። አንቺ ለሙስሊሟ ጎረቤታችን በየበዓሉ ሥጋ ያልነካውን ዳቦ በአዲስ ሰፌድ እንደምትልኪው ማለት ነው። ሴትዮዋ ሳህኑን ባዶውን አልመለሱም፣ ሳምቡሳ ሞልተው ነው የመለሱት። እሳቸውን ሳይ ሁሌ አንቺ ትዝ ትይኛለሽ።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ።

ለፋሲካ እመጣለሁ። ትኬት ቆርጫለሁ፣ «ገንዘብህን አታባክን» የሚባል ነገር የለም፣ አልቋል። ልጄም አብራኝ ትመጣለች። ፋሲካ ሚያዝያ 4 ነው። መጀመሪያ የሕማማት ሰኞ ልገባ አስቤ ነበር። ከዚያ ሳስበው በሕማማት መሳሳም የለም። አራት ዓመት ያላየሁሽን እናቴን ደጃፍ ላይ ሳልስምሽ ልቆም ነው? ስለዚህ መጋቢት 26፣ የሆሳዕና ዋዜማ እገባለሁ። ጠግቤ ስሜሽ ከዚያ ሕማማቱን አብረን እንይዛለን።

የሐሙሱን ጉልባን አንቺ ቀቅዪ፣ እሱ አያስቸግርሽም። ስንዴውንና ባቄላውን እኔ እለቅምልሻለሁ። አርብ ከስግደት በኋላ ታርፊያለሽ። ቅዳሜ ማለዳ ከእህቴ ጋር ሾላ እወርዳለሁ። ዶሮውን መርጬ የማነሣው እኔ ነኝ። ደረቱን ዳስሼ፣ ኩክኒውን አይቼ፣ እንዳሳየሽኝ። ቅቤው የሸኖ ይሁን። ለጋ ነው ብለው የሚያቀርቡትን አሽትተሽ ነበር የምትለዪው፤ በጥፍሬ ቆንጥሬ ይዤልሽ እመጣለሁ፣ አንቺ ካላሸተትሽው አልገዛም። የሚነጠረውም በኮረሪማ፣ በኮሰረትና በበሶብላ ነው። ኮሰረት ካለቀ ንገሪኝ፣ ዝርዝሬ ውስጥ ልጨምረው።

በርበሬ እንዳትወቅጪ። አደራ። እህቴ ጾሙ ሳይገባ የማረቆውን አምጥታ ትቀነጥሳለች፣ ታጥባ ታሰጣለች። መደለዙንም እሷው ከሠፈር ሴቶች ጋር ትጨርሰዋለች። አንቺ ጤና አዳሙንና ዝንጅብሉን «ይበቃል፣ ጨምሪ» እያልሽ ብቻ ተቀመጪ። ተከትፎ የሚሸጥ ሽንኩርትም አልፈልግም። በማሽን የተፈጨ ሽንኩርት ውሃ ይሆናል፣ ቢያቁላሉት ቢያቁላሉት ጣዕሙ አይመጣም። በእጄ እከትፈዋለሁ፣ 3ቱንም ኪሎ። ለእህቴ ግን ለገናው እንዳትቆጫት እለምንሻለሁ። ያን ቀን ገዝታ የመጣችው አንቺ ሳትፈስኪ እንዳትውዪ ፈርታ ነው።

በርጩማሽን ከምድጃው አጠገብ አድርጊልኝ። አንቺ እዚያ ነሽ። እንቅልፍ ቢወስድሽም ይውሰድሽ፣ ድስቱን እኔ እጠብቃለሁ። መከለሻው ሳይገባ ቀሰቅስሻለሁ። መዳፍሽ ላይ ጠብ አደርግልሽና ትቀምሻለሽ። ጨው ካነሰው ንገሪኝ፣ ቁሌቱ ካልበሰለ ንገሪኝ። አታባብዪኝ። እንቁላሉን የልጅ ልጅሽ ትልጣለች። ስምንት ዓመቷ ነው፣ ወጡ እንዲገባበት እንዴት ጫር ጫር እንደሚደረግ አንቺ አሳዪልኝ። «አንድ ዶሮ እንዴት 12 ይሆናል?» እያለች ከአሁኑ ትጠይቀኛለች። «አያትሽ ትቆጥርልሻለች» ብያታለሁ።

ብልቱን ሳወጣ ቢላዋዬ ቢሳሳት መገጣጠሚያውን በጣትሽ ጠቁሚኝ። ጣትሽ ቢንቀጠቀጥም ግድ የለም። እኔ ዶሮውን እይዛለሁ።

ሌሊት ከቤተ ክርስቲያን ስንመለስ አንቺን ቀድመን መሶቡ አጠገብ እናስቀምጥሻለን። ጭልፋውን እኔ እይዛለሁ። ፈረሰኛውን የማወጣው ላንቺ ነው። ቆርሰሽ ልታጎርሺን እንደምትጀምሪ አውቃለሁ፣ እጅሽን እይዘዋለሁ። ለልጆቹ መላላጫው አለ፣ ክንፉ አለ፣ እንቁላሉ አለ። ሙሉውን አንቺ ትበዪዋለሽ፣ እስክትጨርሺ ቁጭ ብዬ እጠብቅሻለሁ።

እስከዚያው መድኃኒትሽን በሰዓቱ ዋጪ። ሌሊት ምድጃ አትጣጂ።

ልጅሽ