ለእማዬ፦ ስለ ድሬ ለጠየቅሽኝ ሁሉ

ውድ እማዬ፣

እንደምን ሰነበትሽ? ጉልበትሽስ ተሻለሽ? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ፤ ከግንቦት ሙቀት በቀር የሚያስቸግረኝ ነገር የለም።

በስልክ ስንነጋገር "ድሬ እንዴት ናት?" ትይኛለሽ፤ መልስ ስጀምር ደግሞ ድምፅሽ ይለወጥና ሁለታችንም ወሬውን ወደ ልጆቹ እናዞረዋለን። ስለዚህ መጻፍ ይሻላል አልኩ። እህቴ ቀስ እያለች ታንብብልሽ፤ ሲደክምሽ አቁሙትና ነገ ትቀጥላላችሁ። "ሳትደብቅ ንገረኝ" ስላልሽኝ የሚያስከፋሽንም ጭምር ጽፌዋለሁ።

ከባቡሩ ልጀምር፤ አንቺም ቀድመሽ የምትጠይቂው እሱን ነው።

የመጣሁት በአዲሱ ባቡር ነው። ከአዲስ አበባ ለቡ ጣቢያ ተሳፍሬ፣ አዋሽን፣ መኢሶን አልፈን መጣን። ንጹሕ ነው፣ በኤሌክትሪክ ስለሚሄድ ጭስ የለውም፣ ወንበሩም ይመቻል። ግን እማዬ፣ ከተማው መሃል ባለው በድሮው ጣቢያ፣ በለገሃር አያወርድም። የሚያወርደው ከከተማ ወጣ ብሎ መልካ ጀብዱ ነው፤ ከዚያ በመኪና ነው የሚገባው። ምክንያቱ ይገባኛል። የድሮው ሃዲድ ስፋቱ አንድ ሜትር ብቻ ነበር፣ አዲሱ ከዚያ ይሰፋል፤ ረጃጅም የጭነት ባቡር የሚያስተናግድ ጣቢያ ደግሞ ሰፊ ሜዳ ይፈልጋል፣ በሰው ቤት መሃል ልክተተው ቢሉ አይሆንም። መስከረም 25 ቀን 2009 ዓ.ም. ሲመረቅ አባዬ በቴሌቪዥን እያየ "መምጣቱስ ደግ ነው፤ ከዚራ ሰፈር ተኝቶ ፊሽካውን የሚሰማው ማን ነው?" ያለውን አልረሳሁም። ያን ጊዜ የሽማግሌ ቅሬታ ነበር የመሰለኝ። መልካ ጀብዱ ወርጄ፣ በሜዳው ላይ ሻንጣዬን ይዤ ስቆም ግን ምን ማለቱ እንደሆነ ገባኝ። ባቡር ወደ ድሬ ተመልሷል፤ ከተማዋ ግን ሲመጣም ሲሄድም አታውቅም።

ሌላ ከተማ ቢሆን ይህን ያህል ባልከፋኝ። ድሬ ግን ከባቡሩ በፊት ከተማ አልነበረችም። ሃዲዱ ከጅቡቲ ተነስቶ ሐረር ይገባል ተብሎ ነበር፤ ተራራው አላስወጣ ቢለው እዚህ ሜዳ ላይ ቀረ፣ በ1895 ዓ.ም.። መጀመሪያ ስሟም "አዲስ ሐረር" ነበር። ፈረንሳዮቹ ከዚራን መንገዱን ቀጥ ቀጥ አድርገው ቀየሱት፤ ከደቻቱ ወንዝ ማዶ ያለውን መጋላን ሰዉ እንደመጣ እንደመጣ ሠራው። ባቡሩ አዲስ አበባ የደረሰው እኮ በ1909 ዓ.ም. ነው። አረቡም፣ ግሪኩም፣ አርመኑም፣ ህንዱም፣ ከደጋ የወረደውም፣ ከሶማሌ የመጣውም ሁሉ ሃዲዱን ተከትሎ ነው ድሬ የገባው። ቅድመ አያቶቻችንም እንዲሁ።

ለገሃር ሄጄ ነበር። በሩ ላይ ያለው ዘበኛ መጀመሪያ አላስገባም አለኝ፤ የአባዬን ስም ስጠራለት ወደ ውስጥ ገብቶ አንድ ሽማግሌ ይዞ መጣ። ሽማግሌው አባዬን ያውቀዋል። "የቶርኖው ልጅ!" ብሎ አቀፈኝ። በፉርጎዎቹ መሃል ይዞኝ ሄደ፤ ብዙዎቹ ዝገዋል፣ አንዳንዱ ላይ ሣር በቅሎ እስከ መስኮቱ ደርሷል። ይህን ሳይ አንገቴን ደፋሁ። ጋራዡ ውስጥ ስገባ ግን ቀና አልኩ። አባዬ ዕድሜውን ሙሉ ቆሞ ብረት የቀረጸበት ማሽን፣ ቶርኖው፣ እዚያው ቦታው ላይ አለ። እጄን ሳሳርፍበት ጣቴ በቅባት ራሰ፤ ትኩስ ቅባት ነው። ሽማግሌው በየጊዜው እየመጣ ይቀባዋል። "ካልቀባነው ይያያዛል፣ ከተያያዘ ደግሞ አበቃለት" አለኝ። ማን አዘዘህ ብዬ አልጠየቅሁትም። ከኪሱ ጨርቅ አውጥቶ የማሽኑን እጀታ ሲወለውል፣ አባዬ ዓርብ ማታ ቤት ገብቶ ከመብላቱ በፊት ጥፍሩን በጋዝ የሚያጸዳው ትዝ አለኝ። አንቺ "ከምግብ ጋር ልትበላው ነው?" እያልሽ ሳሙና ይዘሽ ትከተይው ነበር።

የድሮው ባቡር ወደ አዲስ አበባ መሄዱን ካቆመ፣ ከ2000 ዓ.ም. ወዲህ ማለት ነው፣ ከተማዋ ሰዓቷ ጠፍቷታል ብዬ አምናለሁ። ያኔ ሰው ቀኑን የሚከፍለው በባቡሩ ነበር። አንቺ ከጅቡቲ ስትመለሺ እኔና እህቴ ግቢ ውስጥ ሆነን ከሽንሌ በኩል ፊሽካውን እንጠብቃለን፤ እንደሰማን በባዶ እግራችን ወደ ለገሃር። ገና ሳይቆም በመስኮት እጅሽ ይታየናል፣ ወርቃማው አምባርሽ ያብለጨልጫል። ቦንዳውን ከላይ ትሰጪናለሽ፤ ድሪያ ቀሚስ፣ ሽቶ፣ የዱቄት ወተት፣ ፓስታ። ፈታሾች አንዳንዴ ግማሹን ይወስዱብሽ ነበር፤ ያን ቀን ማታ ቤት ውስጥ ማንም ጮክ ብሎ አያወራም። የታኅሣሥ 19 ቁልቢ ገብርኤል ሲደርስ ደግሞ ከአዲስ አበባ የሚመጣው ባቡር ጢም ብሎ ስለት የያዘ ሰው ያራግፋል፤ ቤታችን በረንዳው ሳይቀር በእንግዳ ይሞላ ነበር፣ ስሙን የማናውቀው ሰው ሁሉ "የባቡር እንግዳ" ተብሎ ያድራል። አሁን ሰዉ የሚመጣው በአውቶቡስና በመኪና ነው። መምጣቱን አልተወም። ሁሉም ግን በየራሱ ሰዓት ይመጣል፤ ከተማው በአንድ ላይ ወጥቶ የሚቀበለው እንግዳ የለም።

አሁን ስለ ቤታችን። ይህንን ዝም ብዬ ላልፈው ነበር የፈለግኩት፤ ቃል ገብቼልሻለሁና እነግርሻለሁ። ግቢ ውስጥ ያለችው ኒም ተቆርጣለች። የተከራዩት ሰዎች በቦታው ላይ ተጨማሪ ክፍል ሠርተውበታል። ጉቶዋ ብቻ በሲሚንቶው ጠርዝ ይታያል።

እማዬ፣ ያቺ ዛፍ ለእኔ መኝታ ቤቴ ነበረች። ለአዲስ አበባ ልጆቼ ስነግራቸው አያምኑኝም፤ ውጭ ነበር የምንተኛው ስላቸው "ሌባስ?" ይሉኛል። በሙቀቱ ወራት ጀምበር ስትጠልቅ ግቢውን ውሃ ትረጪዋለሽ፤ አፈሩ ሲጠጣ የሚወጣው ሽታ እስከ ዛሬ አፍንጫዬ ውስጥ አለ። ከዚያ አባዬ የሽቦ አልጋዎቹን አንድ በአንድ ያወጣል፣ አንቺ አጎበሩን አንዱን ጫፍ በኒሟ ቅርንጫፍ፣ ሌላውን በልብስ ማስጫው ገመድ ታስሪዋለሽ። ትራሳችን ላይ እንኳን ትንሽ ውሃ እፍ ትይበት ነበር። ስሱን ሺቲ ቀሚስሽን ለብሰሽ በረንዳው ጫፍ ትቀመጪና ከአጥሩ ማዶ ካለችው ሶማሌዋ ጎረቤታችን ጋር ወሬ ትጀምሪያለሽ፤ እሷ በሶማልኛ ትጠይቅሻለች፣ አንቺ በአማርኛ ትመልሺላታለሽ፣ ስትቆጡ ሁለታችሁም ወደ ኦሮምኛ ትገባላችሁ። ከሌላው አጥር የሐረሪዎቹ ቤት ሬዲዮ ይሰማል። እኔ የየትኛው ቋንቋ ቃል የማን እንደሆነ ሳልለይ ነው ያደግሁት። እንቅልፍ የሚወስደኝ እናንተ ሳትጨርሱ ነው።

አሁን ያ ግቢ አራት ቤተሰብ ይኖርበታል፤ አልጋ የሚዘረጋበት ቦታም የለም። ሰዎቹን አልቀየምኳቸውም፤ ልጆች አሏቸው፣ የቤት ኪራይ ተወዷል፣ ጥላ ከክፍል አይበልጥባቸውም። እኔን ግን ከፍቶኛል፤ አንቺም ይከፋሻል፤ ልክ ነሽ። ከዚራ መንገድ ዳር ያሉት የድሬዳዋ ዛፎች ግን አሉልሽ። አሁን በግንቦት አብበው አስፋልቱን ሁሉ ቀይ አልብሰውታል። ልጆቹም እንደ ድሮው እምቡጡን እየፈለቀቁ ይጫወታሉ።

ቀፊራ ገበያ ሄድኩ። በሩ፣ ቅስቱ እንዳለ ነው። የግመል ወተት የሚሸጡት ሶማሌ እናቶችም፣ ከገጠር የሚመጡት ኦሮሞ ሴቶችም በየቦታቸው አሉ። አንቺ ሽንኩርት የምትገዥበት ጥግ ላይ አንዲት ልጅ እግር ተቀምጣለች፤ በአማርኛ ስጠይቃት በኦሮምኛ መለሰችልኝ፣ ተግባባን። ታይዋን የሚባለው ገበያ ሰፍቷል፣ የስልክና የኤሌክትሮኒክስ ዕቃ ሞልቶበታል። ጋሪ እንደ ድሮው በየማዕዘኑ አታገኝም፤ በምትኩ ባጃጅ ነው የሚያስመርርሽ። ሳቢያን ሰፈር የማታውቂው ከተማ ሆኗል፣ ፎቅ በፎቅ። ወደ ዩኒቨርሲቲው የመጡ ተማሪዎች ከየክልሉ ናቸው፤ ማታ ማታ ከዚራ ላይ ሲንሸራሸሩ ደስ ይላሉ።

ደቻቱን ስሻገር ቆምኩ። አሁን በሁለቱም በኩል የግንብ አጥር አለው። አሸዋው እንደ ሁልጊዜው ደረቅ ነው፤ ሰው ይሻገርበታል፣ ልጆች ኳስ ይጫወቱበታል። ለማያውቀው ሰው ወንዝ አይመስልም። ዝናቡ የሚዘንበው እኮ እዚህ አይደለም፤ ላይ ደንገጎ ነው፣ እዚህ ሰማዩ ጥርት ብሎ እያለ ውሃው ከተራራ ይመጣል። ሐምሌ 29 ለ30 አጥቢያ፣ 1998 ዓ.ም. እንዲያ ነበር የመጣው፣ ሰዉ በተኛበት። ከ250 በላይ ሰው ሞተ። አንቺ በማግስቱ ሙሉ ቀን ከሐዘንተኞቹ ጋር ስትውይ፣ የማታውቂያቸውን ሰዎች ልብስ ስታለብሺ፣ ጎረቤቶቻችን በየቋንቋቸው ሲያለቅሱ፣ እኔ ምን ላድርግ ብዬ ውሃ ብቻ ነበር የማመላልሰው። "ድሮ ድሬ ሁሉ ነገር ጥሩ ነበር" ሲሉኝ የማልስማማው ለዚህ ነው። ያን ጊዜ ግንቡ ቢኖር ኖሮ ብዙ ሰው ዛሬ በሕይወት ይኖር ነበር። ከናፈቀኝ ነገር ሁሉ በላይ የዛሬው ግንብ ይበልጥብኛል።

አንቺ "ድሬ ሞታለች" ትያለሽ። እኔ ደግሞ እንዲህ ነው የማስበው፤ ድሬ አልሞተችም፣ ግን ልጆቿ እንዲንከባከቡት የሚገባ አንድ ነገር አለ፣ እሱም ያ ለገሃር ነው። ጋራዡ፣ ቶርኖዎቹ፣ ገና የሚንቀሳቀሱት ባቡሮች፣ ሥራውን የሚያውቁት ጥቂት ሽማግሌዎች። እነዚህ ሰዎች ከሄዱ በኋላ ባቡሩን ማንም ሊያስነሳው አይችልም። እኔ ብጠየቅ አንድ የድሮ ባቡር ቅዳሜና እሁድ ቢያንስ እስከ ሽንሌ ደርሶ ይመለስ ነበር የምለው። ልጆቹ ይሳፈሩበት፣ ተማሪዎቹ ይሳፈሩበት፣ ፊሽካው ከተማው ውስጥ ይሰማ። ሽማግሌውን ይህን ስለው በጣም ሳቀና "ቦይለር የለው፣ ናፍጣ ነው፣ ይነሳል!" አለኝ። እንደሚነሳ ያምናል። እኔም አመንኩት። እዚህ ካሉ የሰፈር ልጆች ጋር ተነጋግረን የሽማግሌዎቹን እውቀት በቪዲዮ መቅረጽ ጀምረናል፤ እያንዳንዱን ማሽን እየነኩ፣ ስሙንና ሥራውን እየተናገሩ። የአባዬን የሥራ ደብተር ከሣጥኑ ውስጥ ፈልጊልኝ፤ በፈረንሳይኛ የጻፋቸው የዕቃ ስሞች ለሽማግሌዎቹ ያስፈልጓቸዋል።

ሶማሌዋ ጎረቤታችን አለች። ዓይኗ ደክሟል፣ ድምፄን ግን ወዲያው ለየችው። "አቦ፣ እናትህን የት ደበቃችኋት?" አለችኝ። አዲስ አበባ አራተኛ ፎቅ ላይ እንደምትኖሪ ስነግራት እጇን አጨበጨበች፤ እዚያ ላይ ሆነሽ ማንን እንደምታናግሪ ጠየቀችኝ፤ መልስ አልነበረኝም። የሐረሪዎቹ ቤት ልጆች ውጭ አገር ናቸው፣ ትልቋ ግን ለረመዳን መጥታ ነበር አሉ፤ ለአንቺ የሚሆን ሙሸበክ የሚባለውን ጣፋጭ አስቀምጣ "ካልመጣች ልጇ ይብላላት" ብላ ሄዳለች። በላሁልሽ።

እንግዲህ እማዬ፣ የጻፍኩልሽ ዋናው ጉዳይ ይህ ነው፤ ለታኅሣሥ ቁልቢ ይዤሽ ልሂድ። ሙቀቱም ያን ጊዜ ይቀላል። ሰዉ ሳይበዛ ቀደም ብለን በ15 እንገባለን፣ ተራራው ላይ ለጉልበትሽ ስለማይመች እስከ ቤተ ክርስቲያኑ ድረስ መኪና አዘጋጃለሁ። ከለቡ እስከ መልካ ጀብዱ መስኮት ዳር ወንበር እይዝልሻለሁ። ማረፊያችን ሶማሌዋ ጋር ነው፤ ሆቴል ካደርሽ ከአንቺ ጋር እንደማትነጋገር አስጠንቅቃኛለች። ሐኪሙ የሰጠሽን መድኃኒት አታቋርጪ፣ እንቅስቃሴውንም ከእህቴ ጋር በየጠዋቱ ሥሪ። ሺቲሽን ደግሞ እህቴ ከሻንጣው አውጥታ ትጠበው፤ እዚህ በወፍራም ቀሚስ አይቻልም።

የአባዬን ደብተር እንዳትረሺ።

ልጅሽ፣
ከድሬዳዋ