ግማሽ ላይ ስለተውሽው ማመልከቻ

ይድረስ ለምወድሽ ልጄ፣

እንዴት ሰነበትሽ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። ለጋዜጠኞች የሚሰጠውን የኤልዛቤት ኒውፈር ፌሎሺፕ ማመልከቻ ጀምረሽ ግማሽ ላይ እንደተውሽው ወንድምሽ ነገረኝ። «ለዘገባዬ ያናገርኳቸውን ሰዎች ትቼ የት እሄዳለሁ» ብለሻል አሉ። ይሄን ስሰማ ዝም ማለት አልቻልኩም።

ኒውፈር ማን እንደነበረች ከእኔ ይልቅ አንቺ ታውቂያለሽ። የቦስተን ግሎብ ጋዜጠኛ ነበረች። ቦስኒያንና ሩዋንዳን ዘግባ፣ ጦርነቱ ካበቃ በኋላም ፍትህ የሚፈልጉትን ሰዎች ተከትላ የሁለቱ አገሮች ወንጀል እስከታየባቸው የሄግና የአሩሻ ዓለም አቀፍ ችሎቶች ሄዳለች። እ.ኤ.አ. በ2003 ኢራቅ ውስጥ በመኪና አደጋ ሞተች። አስተርጓሚዋም አብሯት ሞተ። ፌሎሺፑ የተሰየመው በእሷ ነው፤ እኔ ግን እሱንም አስበዋለሁ። ያለ አስተርጓሚና ያለ ሾፌር የትኛው ዘገባ ይሠራል?

ዕድሜዬን የጨረስኩት በፍርድ ቤት መዝገብ ቤት መሆኑን ታውቂያለሽ። ሴት ለምስክርነት ስትቆም ብዙ አይቻለሁ። የነጠላዋን ጫፍ ትጠቀልላለች፣ ትፈታለች፣ መልሳ ትጠቀልላለች። «ጮክ ብለሽ ተናገሪ» ትባላለች። የተጠየቀችውን ትመልስና ትወርዳለች። ያልተጠየቀችው መዝገብ ውስጥ አይገባም። መዝገብ ውስጥ ያልገባ ደግሞ ለይግባኝም አይሆን።

አሩሻ ላይ የታየው የአካዬሱ ጉዳይ ከአእምሮዬ የማይጠፋው ለዚህ ነው። ሰውየው ሩዋንዳ ውስጥ ታባ የምትባል አካባቢ ከንቲባ የነበረ፣ በዘር ማጥፋት የተከሰሰ ነው። ክሱ መጀመሪያ ሲቀርብ ስለ አስገድዶ መድፈር ምንም አልነበረበትም። አንዲት እናት ስለ ሌላ ጉዳይ ልትመሰክር ቆማ፣ የስድስት ዓመት ልጇ መደፈሯን ተናገረች። ከሦስቱ ዳኞች ሴቷ ናቫኔተም ፒላይ ብቻ ነበረች። ነገሩ በዚያ አልታለፈም፤ ተጠየቀ፣ ሌሎችም መሰከሩ። እ.ኤ.አ. በ1997 ክሱ ተሻሻለ። በ1998 ደግሞ አስገድዶ መድፈር የዘር ማጥፋት ድርጊት ሊሆን እንደሚችል ተፈረደ። ዓለም አቀፍ ፍርድ ቤት እንዲህ ሲል የመጀመሪያው ነበር።

ልጄ፣ ጠያቂው ሲለወጥ መዝገቡም ይለወጣል። ፌሎሺፑ ለሴቶችና ራሳቸውን ወንድም ሴትም ብለው ለማይጠሩ ጋዜጠኞች መሆኑ ልክ ነው የምለውም በዚህ ነው። ደግሞም ጥሩ ጥያቄ ጊዜ ይፈልጋል። አንቺ ዜና ከዜና ስትሮጪ ምሳ እንኳ ቆመሽ ነው የምትበይው። እዚያ ሰባት ወር ገደማ አሜሪካ ባለው የኤምአይቲ ዩኒቨርሲቲ የዓለም አቀፍ ጥናቶች ማዕከል ታነቢያለሽ፣ ከቦስተን ግሎብና ከኒውዮርክ ታይምስ ሰዎች ጋር ትሠሪያለሽ። ይሄ ሰው መተው አይደለም።

አልደብቅሽም፣ ሥራሽ ያስፈራኛል። ፌሎሺፑን የሚሰጠው ዓለም አቀፉ የሴቶች ሚዲያ ፋውንዴሽን የእኛዎቹን ጋዜጠኞች፣ በ2007 ሰርካለም ፋሲልን፣ በ2012 ርዕዮት ዓለሙን በድፍረት ሽልማቱ አክብሯል፤ ዓመቶቹ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው። ሰርካለም ልጇን የወለደችው እስር ላይ ሆና ነው። ርዕዮት ሽልማቱ ሲሰጣት እስር ቤት ነበረች። የእነሱን እናቶች ሳስብ ሆዴ ይባባል። ቢሆንም ተይው አልልሽም።

ስላናገርሻቸው ሰዎች ከተጨነቅሽ፣ ጭንቀትሽ ደብተርሽ ላይ ይሁን። የት ነው ያለው? ስልክሽ ውስጥ ሙሉ ስማቸው ከነሰፈራቸው ተጽፏል? አሩሻ ላይ ብዙ ምስክሮች በስማቸው አልተጠሩም፤ ፊደል ነበር የተሰጣቸው። አንቺም እንደዚያ አድርጊ። ስሙን ለብቻ፣ ቃሉን ለብቻ አስቀምጪ። ከመሄድሽ በፊት ለእያንዳንዳቸው ደውለሽ ለምን እንደምትሄጂና መቼ እንደምትመለሺ ንገሪያቸው። ድምፅሽ ሲጠፋ ነው ሰው ተረሳሁ የሚለው።

የሥራ ናሙና ከጠየቁሽ፣ ከሪያድ ደሞዛቸውን ሳይቀበሉ ስለተመለሱት ልጆች የጻፍሽውን ላኪ። ሽልማት ያገኘሽበትን አይደለም የምልሽ። በዚህኛው ላይ ልጅቷ አየር ማረፊያ ቆማ የአሠሪዋን ቤት ቁልፍ ኪሷ ውስጥ ስታገኝ የጻፍሽውን ሁለት ጊዜ ነው ያነበብኩት። ሌላ ጋዜጠኛ ስለ ኪሷ አይጠይቃትም ነበር።

ስለ እኔ አታስቢ። መድኃኒቴን እህትሽ ታመጣልኛለች፣ ግፊቴም ወርዷል። የትምህርት ማስረጃሽ ዋናው እኔ ጋ፣ ቁምሳጥኑ ውስጥ ነው፤ ካስፈለገሽ ቅዳሜ በሰው እልክልሻለሁ። ጨርሰሽ ስትልኪው ደውዪልኝ፤ ማታ ከሁለት ሰዓት በኋላ ኔትወርኩ ይሻላል።

የምትወድሽ እናትሽ